የመጨረሻዎቹ ሰማንያ መስመሮች

ሐምሌ ሃያ ዘጠኝ፣ ሰኞ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጂሬኛ የመዝገብ ቤቱን በር ከፍቶ ሲገባ ሬጅስትራሯ ወይዘሮ ሸዋጌጥ ከመሰላሉ ሥር ተዘርግተው አገኛቸው። ጭንቅላታቸው የብረቱን ካቢኔ ጥግ መትቷል፤ ደሙ ሲሚንቶው ላይ ደርቋል። ጂሬኛ ሃያ ሰባት ዓመት በሠራበት ቤት ውስጥ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ጫማውን ማውለቅ ነበር። ለምን እንዳወለቀ እስከ ዛሬ አያውቀውም። ከዚያ ጮኸ።

ፍርድ ቤቱ የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም። ነቀምቴ ውስጥ ነው፤ ሁለት የፍትሐ ብሔር ችሎት፣ አንድ መዝገብ ቤትና ብዙ ምቀኛ ያለበት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ ይኼ ይበቃችኋል። ችሎቱ በኦሮምኛ ይሰየማል፤ ሐሜቱ በሁለቱም ቋንቋ ይሄዳል።

ሐምሌ ሲገባ በዚያ ግቢ ሰው ሁሉ ቁጥር ቁጥር ይላል። ካለፈው ዓመት ስንት መዝገብ ተላለፈ? ስንት አዲስ ተከፈተ? ስንቱ እልባት አገኘ? ስንቱ ለመጪው ዓመት ያድራል? ብዙ መዝገብ የዘጋ ችሎት አንደኛ ተብሎ፣ ዳኛው አዳራሽ ውስጥ ምስክር ወረቀት ይቀበላል። ሌላው ያጨበጭባል። እያጨበጨበ አንጀቱ ሲያር ፊቱ ላይ ታዩታላችሁ። እኔ ጣውንቶች ሲቀናኑ አይቻለሁ፤ እውነቴን ነው፣ የዳኞቹን አያክልም።

የዘንድሮው ሽልማት በዚያው ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ወይዘሮ ሸዋጌጥ ግን «እናንተ አጨብጭቡ፤ እኔ የቀሩትን መዛግብት በእጄ እቆጥራለሁ» ብለው ቀሩ። ሪፖርት አያምኑም ነበር። በየዓመቱ መዝገብ ቤቱን ከውስጥ ቆልፈው፣ መሰላል ላይ ወጥተው፣ እያንዳንዱን መዝገብ ከመደርደሪያው እያወረዱ ቁጥሩን ዝርዝራቸው ላይ ይጽፋሉ፤ ከጎኑ «አለ» ብለው ምልክት ያደርጋሉ። ሲሞቱ ዝርዝሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት መስመር ተጽፎበታል።

የፖሊስ አዛዡ ኮማንደር ጋሩማ ነገሩን በግማሽ ሰዓት ጨረሰው። ወይዘሮ ሸዋጌጥ በሰዓት አርባ መዝገብ እንደሚቆጥሩ ግቢው ሁሉ ያውቃል። ከጠዋቱ ሁለት ተኩል ጀምረው፣ ለምሳ ሳይወጡ፣ ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ለመድረስ ስድስት ሰዓት ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ እስከ ስምንት ተኩል በሕይወት ነበሩ። በስምንት ሰዓት ደግሞ ዳኛውም ጸሐፊውም አዳራሽ ገብቷል፤ ፎቶ ተነሥቷል። ግቢው ውስጥ የቀረው የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ጂሬኛ ብቻ ነው፤ ከሟቿ ሌላ ቁልፍ ያለው እሱ ነው፤ ጠዋትም ሴትዮዋ ዝናብ ባራሰው መዝገብ ምክንያት «ከዚህ ሥራ አስነሣሃለሁ!» ብለው ሲጮሁበት ሰው ሰምቷል። ካቴና ገባለት። ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ተረኛው ችሎት ፊት ቀርቦ የጊዜ ቀጠሮ ሊጠየቅበት ነው። ሃያ ሰባት ዓመት መዝገብ ያቀረበለት ችሎት መዝገብ ሊከፍትበት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተር ኬኔ ከአርጆ ተጠርታ መጣች። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ የጉቶ ጊዳ ገበሬ ልጅ ናት። ከባጃጅ ስትወርድ የተጠበሰ በቆሎ እየጋጠች ነበር። ኮማንደር ጋሩማ እሷን ሲያይ ፊቱ ጨፈገገ፤ ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ እሱ የዘጋውን ጉዳይ ከፍታበታለች።

«ያለቀ ጉዳይ ነው» አላት።

«እሺ፣ ያለቀውን ልየዋ» አለች።

የጂሬኛ ሚስት ትዕግሥት ጣቢያው በር ላይ የምሳ ሳህን አቅፋ ቆማለች። ኬኔ አልፋት ገብታ ከጂሬኛ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

«ናጋዳ፣ ኦቦ ጂሬኛ?»

«ምን ሰላም አለ፣ ኢንስፔክተር!»

«ትናንት መጨረሻ በሕይወት ያየሃቸው መቼ ነው?»

«ለምሳ ስወጣ፣ ስድስት ተኩል ላይ። ‹አዴ ሸዋጌጥ፣ እህል ቅመሱ እንጂ› አልኳቸው። ‹ሂድ፣ ሂድ› አሉኝ። ሰባት ተኩል ስመለስ በሩ ተቆልፏል። ሲቆጥሩ ሰው ከገባባቸው ይቆጣሉ፤ እኔም የረጠቡትን መዛግብት ላናፍስ ወደ ጓሮ ሄድኩ።»

«በሩ ሲዘጋ በራሱ ይቆለፋል?»

«ኤዬ፣ አዎ። ከውጭ ነው ቁልፍ የሚፈልግ።»

«ጠዋት ምን ብለው ጮኹብህ?»

ጂሬኛ ካቴናውን አየ። «በየክረምቱ እኮ ይጮሁብኛል። በየመስከረሙ ደግሞ ለልጆቼ ደብተር ይገዛሉ። እኚያን ሴት እኔ እገድላለሁ? ኢንስፔክተር፣ መታሰሩ አይደለም የሚያቃጥለኝ። እኔ ገድያቸዋለሁ ተብሎ መቀበራቸው ነው።»

ኬኔ ተነሣች። የሐኪሙን ወረቀት አነበበች። ሟቿ የሞቱት ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ክንዳቸው ላይ የጣት በለዝ አለ፤ ይዞ የገፈተራቸው ሰው አለ። ደግሞ ወዲያው አልሞቱም። ግማሽ ሰዓት ያህል ትንፋሽ ነበራቸው። ኬኔ እዚህ ላይ ስትደርስ በቆሎዋን ቅርጫት ውስጥ ጣለችው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሁለተኛውን ችሎት ዳኛ ወሰኔን ነው። የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ወጥታለች። ምስክር ወረቀቱ ገና ግድግዳ ላይ አልተሰቀለም፤ ሚስማሩ ግን ተመትቷል።

«ትናንት በምሳ ሰዓት የት ነበሩ፣ ክብርት ዳኛ?»

«እዚሁ። ውሳኔ እየጻፍኩ።»

«ሹሩባዎ ያምራል» አለች ኬኔ። «ትናንት የተሠራ ይመስላል። ስንት ሰዓት ፈጀ?»

ወሰኔ ቀላች። «እሺ። ከስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ሩብ ጉዳይ ድረስ ፀጉር ቤት ነበርኩ። ስድስት ሰዓት የሥራ ሰዓት ነው፤ አፈርኩ። ሦስት ሴቶች አይተውኛል።»

«ወይዘሮ ሸዋጌጥ ይወዱዎት ነበር?»

«እሳቸው? ሰኔ ሠላሳ ዘግቼ ሐምሌ ላይ እንደገና ያንቀሳቀስኳቸውን አሥራ አንድ መዛግብት ለቅመው አውጥተውብኛል። ‹ቁጥር ለማሳመር የሰው ጉዳይ ይዘጋል?› ብለው ሰው ፊት አዋርደውኛል። አልደብቅም፣ ጠልቻቸው ነበር። ግን ቢቆጥሩኝም አንደኛ ነኝ። ሦስት ሰዎች በአንድ መሬት ተካሰው ሦስት መዝገብ ከከፈቱ፣ እኔም አጣምሬ በአንድ ፍርድ ከዘጋሁ፣ ሦስት መዝገብ ዘግቻለሁ እላለሁ። ይኼ መብቴ ነው። የመጀመሪያው ችሎት ዳኛ ሞሲሳ ግን ‹አንድ ፍርድ ጽፌ ሦስት አልልም› ይላሉ። ይኸው ከሁለት ዳኛ ሁለተኛ ይወጣሉ።»

«ሬጅስትራሯስ እንዴት ይቆጥሩ ነበር?»

«በሽፋን ቁጥር። ሦስት ሽፋን ሦስት። በዚህ እንኳ ከእኔ ጋር ነበሩ።»

የመጀመሪያው ችሎት ጸሐፊ እታገኝ ቢሮ ቀጥሎ ነው። አርባ አራት ዓመቷ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ አንድ የወረቀት ብጣሽ ስንኳ ተጣሞ አይገኝም። የመሳቢያዋ ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። አባቷ ከጎጃም የመጡ ነጋዴ ነበሩ፤ እሷ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው።

«ከዳኛ ሞሲሳ ጋር ስንት ዓመት ሠራሽ፣ እህቴ?»

«አሥራ አራት። አርጆ አራት፣ ሲሬ ሦስት፣ እዚህ ሰባት። ሲዛወሩ ተዛውሬ።» ይህን ስትናገር ቀና አለች። «የሳቸው ፍርድ ሁሉ በእኔ እጅ ነው የተጻፈ። እሳቸው ያወሩታል፣ እኔ እጽፈዋለሁ። ከጥር ወዲህ ግን ‹ድካም አበዛሁብሽ› ብለው ረቂቁን ራሳቸው እየጻፉ፣ ጽሕፈት ቤት አስተይበው ያመጣሉ።»

«አልከፋሽም?»

«ምን ይከፋኛል? ሥራ ቀለለልኝ።» መሳቢያዋን ከፍታ ውስጡ ያለውን ደብተር ነካ አድርጋ መልሳ ዘጋችው።

«ያ ደብተር ምንድን ነው?»

«የችሎታችን ደብተር ነው። ያልተዘጉት መዛግብት በሙሉ እዚህ ላይ አሉ። ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም። ዳኛ ሞሲሳ እንዳስተማሩኝ ነው የምይዘው፤ የተጣመሩ መዛግብት አንድ መስመር ናቸው። አንድ ፍርድ፣ አንድ መስመር። እንደ ጎረቤት ቁጥር አናበዛም።»

«ትናንት ምሳ የት በላሽ?»

«እዚሁ ብቻዬን። ሰባት ተኩል ሲያልፍ ወደ አዳራሹ ሄድኩ።»

«ወይዘሮ ሸዋጌጥ ጥሩ ሰው ነበሩ?»

«ነፍስ ይማር። ለሰው ሁሉ ጥሩ ነበሩ» አለችና ከንፈሯን ነከሰች። «ለአንዳንዱማ ከጥሩም በላይ። ባል የሞተባት ሴት፣ ሚስት የሞተበት ሰው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ በኋላ ቤቷ ሲገባ አገር ያያል። እኔ ምን አገባኝ!»

እንደማያገባት ለመናገር ድምፅዋን ያን ያህል ከፍ ማድረግ አያስፈልጋትም ነበር። ኬኔም ይህን ሳታስተውል አልቀረችም።

ከሰዓት በፊት ጂሬኛን በካቴና ወደ መዝገብ ቤቱ አስመጣችው። ኮማንደር ጋሩማ «ገዳይን ወደ ሬሳው ቦታ!» ብሎ አጉረመረመ። እሷ ዝርዝሩን ይዛ መሰላሉ ላይ ወጣች።

«ኦቦ ጂሬኛ፣ እኔ መዝገብ አላውቅም። አስቆጥረኝ።»

«ከግራ ይጀምሩ። መጀመሪያ የሁለተኛው ችሎት ነው፤ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ችሎት ያልፋሉ። እንዲህ በሲባጎ የታሰሩት የተጣመሩ ናቸው።»

«ይኼ እስር ሦስት ሽፋን አለው። አዴ ሸዋጌጥ ስንት ይሉታል?»

«ሦስት ነዋ! ሽፋን ነው የሚቆጠር። ‹እያንዳንዱ ከፋች ፍርድ ፈልጎ በእግሩ መጥቷል› ይላሉ።»

ኬኔ እያወረደች ከዝርዝሩ ጋር አመሳከረች። የሁለተኛው ችሎት መቶ ሠላሳ አንድ መስመር ልክ ነው፤ የታሰሩት ሁሉ ለየብቻ ተጽፈዋል። የመጀመሪያው ችሎት ሃያ ሰባት መስመርም ልክ ነው፤ እዚያ ያሉት ሁለት የታሰሩ መዛግብትም በሁለት መስመር ሰፍረዋል። መቶ ሃምሳ ዘጠነኛው መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች። መስመሩ አንድ ነው፤ እሱን ፈልጋ ከመደርደሪያው ስታገኘው ግን አራት ሽፋን ታስሮ ነው። ወደ ታች ሄደች። ሌላ እስር፣ አንድ መስመር። ሌላም። እስከ መጨረሻው እንዲሁ ነው።

«እነዚህ ሦስቱ ደግሞ የት አሉ?» ቁጥሮቹን አነበበችለት።

ጂሬኛ በታሰረ እጁ መደርደሪያውን ዳሰሰ። ላይ አየ፤ ታች አየ። «እዚህ ነበር ቦታቸው። ኢንስፔክተር፣ የሉም! አሁን ደግሞ መዝገብ አጠፋ ሊሉኝ ነው!»

«ዝርዝሩ ግን ‹አለ› ይላል» አለች ኬኔ። ከመሰላሉ ወርዳ አቧራዋን አራገፈች። «አትፍራ። እነዚህ የሌሉት ሦስቱ ናቸው የሚያስፈቱህ።»

ዳኛ ሞሲሳ ቢሯቸው ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ስልሳ ሊሞላቸው አንድ ዓመት ቀርቷቸዋል። ኬኔ ስትገባ ዝም ብለው ጠበቁ፤ ስትናገር ነው ቀና ያሉት።

«አካም ኦልተን፣ ኦቦ ሞሲሳ።»

«ናጋ፣ ናጋ። ኢንስፔክተሯ ነሽ? ተቀመጪ።»

ኬኔ አንድ ወረቀት አቀበለቻቸው። «ይኼ የማን እጅ ጽሕፈት ነው?»

ዳኛው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዘነበሉት። ቆዩ። «የሸዋጌጥ ዝርዝር ነው። የሷ እጅ ነው።»

ኬኔ ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችና ኪሷ ውስጥ ከተተችው። «ትናንት ምሳ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ብቻዬን።»

«ከእርስዎ ችሎት ሦስት መዛግብት መደርደሪያው ላይ የሉም።»

«አልጠፉም» አሉ ዳኛው። «ሸዋጌጥ ቤት ናቸው። ዐርብ ዕለት እኔ ነኝ ሳላስፈርም የሰጠኋት። ለምን እንደሆነ ግን አትጠይቂኝ፣ ልጄ።»

«አንድ ሰው ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይቀርባል፣ ኦቦ። መጠየቄ አይቀርም።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም በመጀመሪያው ችሎት አዳራሽ ተሰበሰቡ። ኬኔ ነች ቦታውን የመረጠች። ዳኛ ሞሲሳ ከችሎቱ ጠረጴዛ ሥር ወንበር ላይ፣ ወሰኔ ከጠበቆቹ ቦታ፣ እታገኝ ደብተሯን አቅፋ ከጎኗ፣ ጂሬኛ በካቴና ተከሳሽ በሚቆምበት። ትዕግሥት ኋላ አግዳሚ ላይ ነች። ኮማንደር ጋሩማ በሩን ተደግፎ ሰዓቱን ያያል።

«ኮማንደር የሠሩት ሒሳብ ልክ ነው» ብላ ጀመረች ኬኔ። «በሰዓት አርባ፤ ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት መስመር፤ ስምንት ተኩል። ሁሉም መስመር የወይዘሮ ሸዋጌጥ ከሆነ ገዳዩ ጂሬኛ ነው። ስለዚህ እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁሉም የሳቸው ነው ወይ?»

«ጽሕፈቱ አንድ ነው» አለ ጋሩማ።

«ቁጥርና ምልክት ብቻ ነው፤ ሲጽፍ የኖረ ሰው አስመስሎ ያወጣዋል። አቆጣጠሩን ግን ማስመሰል አልታሰበም። ወይዘሮ ሸዋጌጥ የተጣመሩትን በሽፋን ይቆጥራሉ። እስከ መቶ ሃምሳ ስምንት ድረስ እንደዚያ ነው። ከመቶ ሃምሳ ዘጠኝ ጀምሮ፣ በመጨረሻዎቹ ሰማንያ መስመሮች፣ የታሰረው ሁሉ አንድ ተባለ። ሃያ አራት ዓመት በሽፋን የቆጠረች ሴት በአንድ ቀን እኩሌታ ላይ አታምንበትም ያለችውን አቆጣጠር አትይዝም። ደግሞ መቶ ሃምሳ ስምንትን ለአርባ አካፍሉት። ከሁለት ተኩል አራት ሰዓት ያህል። ስድስት ተኩል ይመጣል። ጂሬኛ ለምሳ የወጣበት ሰዓት። እሳቸው የቆሙት እዚያ ላይ ነው።»

ትዕግሥት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ስለዚህ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሽ መገኘት ማንንም አያድንም። ጥያቄው በምሳ ሰዓት ማን የት ነበር ነው። ዳኛ ወሰኔ በቂ ምክንያት ነበራቸው። ግን ፀጉር ቤት ነበሩ፤ ሦስቱንም ሴቶች አነጋግሬአለሁ። ደግሞ እሳቸው ሦስቱን ሦስት ነው የሚሉት፤ ለዚህ ነው አንደኛ የወጡት። ሦስቱን አንድ የሚል የመጀመሪያው ችሎት ብቻ ነው።»

ወሰኔ ትንፋሽዋን ለቀቀች። ዳኛ ሞሲሳ አልተነቃነቁም።

«ቀጥሎ» አለች ኬኔ፣ «እነዚያን ሰማንያ መስመሮች የጻፈው ሰው መደርደሪያውን ዓይቶ አልጻፈም። ሦስቱ መዛግብት ከዐርብ ጀምሮ ወይዘሮ ሸዋጌጥ ቤት ናቸው፤ ሄጄ ጠረጴዛቸው ላይ አግኝቻቸዋለሁ። የሌለ መዝገብ ‹አለ› ተብሎ የሚጻፈው ከሌላ ወረቀት ከተገለበጠ ነው። እህቴ እታገኝ፣ ደብተርሽን ለዳኛ ወሰኔ ስጪልኝ። ኦቦ ጂሬኛ፣ አንተ ይህን ዝርዝር ከመቶ ሃምሳ ዘጠኝ ጀምረህ አንብብ።»

እታገኝ ደብተሩን ወዲያው አልሰጠችም። ከዚያ ሰጠች። ጂሬኛ ዝርዝሩን በሁለት የታሰረ እጁ ይዞ ማንበብ ጀመረ።

«ሠላሳ አንድ ሺህ አራት።»

«ሠላሳ አንድ ሺህ አራት» አለች ወሰኔ፣ ጣቷን ደብተሩ ላይ አድርጋ።

«ሠላሳ አንድ ሺህ አርባ ዘጠኝ።»

«አርባ ዘጠኝ።»

«ሠላሳ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሁለት።»

«አንድ መቶ ሁለት... በስመ አብ!» ወሰኔ ገጹን ገለጠች። «ተከታትሎ ነው! መደርደሪያው እኮ በቀጠሮ ወር ነው የተደረደረው፤ ይኼ በተከፈቱበት ቀን ቅደም ተከተል ነው። ልክ እንደ ደብተሩ!»

«ያንን ደብተር» አለች ኬኔ፣ «ከእታገኝ በቀር ማንም አይነካውም። ራሷ ነች የነገረችኝ።»

እታገኝ ፊቷ አመድ መሰለ። «ዳኛ ሞሲሳም ያዩታል! የሳቸው ችሎት ነው! ለምን እኔን ብቻ?» ካለች በኋላ ያለችው ነገር ራሷን አስደነገጣት። አሥራ አራት ዓመት የተከተለችውን ሰው በአንድ ትንፋሽ አሳልፋ ልትሰጥ ነበር።

ኬኔ ከኪሷ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «ኦቦ ሞሲሳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ ይህን ሰጥቼዎት ‹የሸዋጌጥ ዝርዝር ነው› አሉኝ። ይኼ የጂሬኛ የተከሳሽነት ቃል ነው። የኮማንደር ጋሩማ ጽሕፈት ነው።»

ዳኛው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አቀረቀሩ።

«ሰማንያ መስመር ደቃቅ ቁጥር እርስዎ ሊጽፉ አይችሉም» አለች ኬኔ ቀስ ብላ። «መዛግብቱ ሸዋጌጥ ቤት የነበሩበትን ምክንያት እርስዎ ይንገሩን። የጂሬኛ ነገር በእርስዎ አፍ ላይ ነው።»

«ዓይኔ ከጥር ጀምሮ ጠፍቷል» አሉ ዳኛ ሞሲሳ። «ጥላ አያለሁ። ፊደል አላይም። አንድ ዓመት ነው ለጡረታዬ የቀረኝ፤ ዓመቱን ልጨርስ ብዬ ደበቅኩ። ሸዋጌጥ ቤት የምሄደው መዛግብቱን እንድታነብልኝ ነበር። እሷ ታነባለች፣ እኔ እፈርዳለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ሌላ ነገር አልነበረም። ዘንድሮ የዘጋሁት መዝገብ ሁሉ በሷ ዓይን ነው የተዘጋው።»

እታገኝ ብድግ አለች።

«ማንበብ?» አለች። «ማንበብ ብቻ?»

«ብቻ።»

«ትናንት ምሳ ሰዓት ደብተሩን ላመሳክርላት አንኳኳሁ፤ ከፈተችልኝ። ጠረጴዛዋ ላይ የእርስዎ ረቂቅ ፍርድ አለ። ቃሉ የእርስዎ ነው፤ የእርስዎን ቃል የትም ባየው አውቀዋለሁ። ጽሕፈቱ የሷ ነው! በእኔ እጅ ይጻፍ የነበረው! ‹ይኼ ምንድን ነው?› አልኳት። ‹እሱን እሳቸውን ጠይቂ፣ እኔ ምሥጢር አላወጣም› አለችኝ። ምሥጢር! ከእኔ የተደበቀ ምሥጢር እሷ ዘንድ አለ! አንገብግቦኝ ክንዷን ይዤ ወዘወዝኳት፣ ገፈተርኳት። ተነሺ ብላት አልተነሣችም።»

«ትተነፍስ ነበር» አለች ኬኔ። ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻከረ። «አጠገቧ ተቀምጠሽ ሰማንያ መስመር ስትገለብጪ ትተነፍስ ነበር። ብትጮሂ ኖሮ በሕይወት ትኖር ነበር። አንቺ ግን ጂሬኛን የሚያስከስስ ሰዓት ትሠሪ ነበር።»

እታገኝ ይህን የሰማች አትመስልም። ዓይኗ ዳኛው ላይ ነው። «ለምን እኔን አላሉኝም? አሥራ አራት ዓመት ጽፌልዎታለሁ! ይቺን ማንበብ እኔ አቅቶኝ ነው? ለምን ለሷ?»

«ሸዋጌጥ ብታዝንልኝ ግድ አልነበረኝም» አሉ ዳኛ ሞሲሳ። «አንቺ እንድታዝኚልኝ ግን አልፈለግኩም። ስገባ ብድግ የምትይው፣ ስናገር ብዕርሽን የምታነሺው... በዚህ ዓለም ላይ ትልቅ ሰው አድርጎ የሚያየኝ የቀረኝ አንቺ ነበርሽ። እሱን እንዳላጣ ብዬ ነው።»

ኮማንደር ጋሩማ መጥቶ የእታገኝን ክንድ ያዘ። ሌላው ፖሊስ የጂሬኛን ካቴና ፈታ፤ ያው ካቴና እሷ እጅ ገባ። ትዕግሥት እየሮጠች መጥታ ባሏ ደረት ላይ ወደቀች። ጂሬኛ አንድ እጁን ጀርባዋ ላይ አደረገና ወደ ዳኛው ዞረ።

«ትናንት ማታ ስታሰር ያውቁ ነበር» አላቸው። «ሦስቱ መዛግብት የት እንዳሉ ትናንት ቢናገሩ ኖሮ ቤቴ አድር ነበር፣ ኦቦ።»

«አዎ» አሉ ዳኛው። «የዓይኔ ምሥጢር ከሚወጣ አንተን ማጣት ቀሎኝ ነበር። ይቅር በለኝ አልልህም።»

እታገኝን ወደ በሩ ወሰዷት፤ የጫማዋ ድምፅ በእንጨቱ ወለል ላይ ሄደና ቆመ። ዳኛ ሞሲሳ ጆሯቸውን ሰጥተው አዳመጡ።

«ሄደች እንዴ?» አሉ።

ወሰኔ ባዶውን በር አየችና ወደ መሬት አቀረቀረች።

«አልሄደችም» አለ ጂሬኛ። «በሩ ላይ ቆማ እያየችዎት ነው።»

ዳኛ ሞሲሳ ወንበራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ኮታቸውን አስተካክለው፣ ቀጥ ብለው፣ ማንም በሌለበት በመስኮቱ በኩል ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተሰናበቱ።